በአራት ጠረጴዛ ላይ ያዘመትኩት ጦር

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ ስላችሁ አገር የማውቅ እንዳይመስላችሁ። ዲላ ሦስት ዓመት ስቀመጥ ከከተማው የወጣሁት በአዲስ አበባው አውቶቡስ ብቻ ነው፤ ያውም መስኮት ዳር ተቀምጬ እያንቀላፋሁ። የሚሲሲፒን ገባሮች ከላይ እስከ ታች በቃሌ እጠራለሁ፤ አንዱን የዘለለ ተማሪ ደግሞ አንበረክካለሁ። ከከተማው ግርጌ የሚወርደው ወንዝ ለገዳራ መባሉን ግን የነገረችኝ ልብስ የምታጥብልኝ ሴት ናት። እሷም የነገረችኝ ሲጨንቃት ነው። "ሸሚዝዎን ለገዳራ ወሰደው" ስትለኝ፣ ለገዳራ የሚባል ሌባ መስሎኝ ለፖሊስ ላመለክት ኮቴን ለብሼ ነበር።

እንግዲህ ጦር ያዘመተው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። ዕቃውን አከፋፈለ። ለዲሬክተሩ ሬዲዮኑን፣ ለሒሳብ አስተማሪው ብስክሌቱን ሰጠ፤ ለእኔ አንድ የካርቶን ሣጥን ደረሰኝ። ስከፍተው በጥጥ የተጠቀለሉ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ወታደሮች ሞልተውበታል። ከእርሳስ የተሠሩ ናቸው፤ ግማሾቹ ቀይ፣ ግማሾቹ ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል። ፈረሰኛ አላቸው፣ መድፍ አላቸው፣ ከሥራቸው ደግሞ ወፍራም የደንብ መጽሐፍ አለ። ፈረንጁ እንደነገረኝ በአገሩ ጺማቸውን ያሳደጉ፣ ልጆች የወለዱ፣ ዲግሪ የጫኑ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን አዳራሽ ይከራዩና፣ ጠረጴዛ ገጥመው፣ ኮረብታና ወንዝ ሠርተው፣ እነዚህን ወታደሮች ሲያዋጉ ይውላሉ። ይህን የሰማሁ ዕለት ሥልጣኔ ምን እንደሆነ ገባኝ። ሥልጡን ሰው ማለት አሻንጉሊት የሚጫወት ሽማግሌ ነው።

ከዚያ በኋላ ዲላን በምን ዓይን እንዳየኋት አትጠይቁኝ። ነጋዴው ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ በቆርኪ ዳማ ይጫወታል፤ ሲያሸንፍ ይጮኻል፣ ሲሸነፍ የባሰ ይጮኻል። ሹማምንቱ ጠጅ ቤት ተቀምጠው ካርታ ይመታሉ። እኔ በዚያ ሳልፍ አፍንጫዬን ወደ ላይ አድርጌ ነበር የማልፈው፤ ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ የገባሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ሕዝብ ማን ያስተምረው? እኔ ነኛ! በትምህርት ቤታችን የጠረጴዛ ጨዋታዎች ጉባኤ አዘጋጃለሁ፤ ዳመኛውም ገበጠኛውም ይምጣ፤ በመካከሉ ግን ታላቁን ጦርነት እኔው ራሴ አመራለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ማመልከቻዬን ይዤ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አውርዶ ርእሱን አነበበ። "ጉዳዩ፦ ጦርነት ለማካሄድ ፈቃድ ስለመጠየቅ" ይላል።

"ጦርነት?" አለኝ።

"አዎን።"

"ቅዳሜ?"

"ከስምንት ሰዓት ጀምሮ።"

"ማን ከማን ጋር?"

"ቀዮቹ ከሰማያዊዎቹ ጋር" አልኩ በኩራት።

ቀዮቹ ማለት አልነበረብኝም፤ በዚያ ዘመን ቀይ የሚባለው ኮሙኒስት ነው። ጸሐፊው ቀስ ብሎ ተነሣና በሩን ዘጋ። ተመልሶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጄ፣ እናት አባት አሉህ?" አለኝ። አሉኝ ስለው በጣም አዘነ። ሣጥኑን አስመጥቼ ወታደሮቹን እስካሳየው ድረስ ላብ ሲያጠምቀኝ ቆየ። ካየ በኋላ ደግሞ የባሰ አደረገ፤ ከት ብሎ ሳቀና ርእሱን ሰርዞ፣ "የአሻንጉሊት ትርኢት ስለማሳየት" ብሎ በራሱ እጅ ጻፈበት። የጦር አዝማች ሆኜ ገብቼ አሻንጉሊት አሳይ ሆኜ ወጣሁ።

በማግስቱ "የእርሳስ ወታደሮች ይቀርባሉ" የሚል ማስታወቂያ በየዛፉ ለጠፍኩ። አንባቢው ሁሉ "ወታደሮች" የሚለውን ትቶ "እርሳስ" የሚለውን ያዘ። ትምህርት ቤቱ እርሳስ ያድላል ተብሎ እስከ ወናጎ ተወራ።

ዲሬክተሩ በበኩሉ ለዕጣ የሚጣሉትን፣ ነጥብ ነጥብ ያለባቸውን ጠጠሮች ከሣጥኑ ውስጥ አይቶ፣ "በትምህርት ቤቴ ቁማር አይጣልም!" አለኝ። ቁማር ሳይሆን የጥይት ዕጣ ነው ብዬ ብነግረው፣ በየትኛው ቅዱስ መጽሐፍ እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። ምን አማራጭ አለኝ፤ በጠጠሮቹ ፈንታ አምስት ጥሬ የቡና ፍሬ አደረግኩ። በሆዱ የወደቀ አልመታም፣ ጀርባውን ሰጥቶ የወደቀ መትቷል። ይህን ደንብ ስፈጥር ራሴን እንደ ታላቅ ሊቅ ነበር የቆጠርኩት።

የቀረው ሜዳው ነው። ለዚህ በትምህርት ቤቱ ወንበርና መስኮት የሚጠግን በራሶ የሚባል አናጢ ነበረን። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ አንተ እለዋለሁ፣ እሱ እርስዎ ይለኛል፤ ይህም ለሁለታችንም ትክክል ይመስለኝ ነበር። ከየት አገር እንደመጣ ጠይቄው አላውቅም።

"በራሶ፣ አራት ጠረጴዛ ግጠምና ኮረብታ ሥራልኝ። ወንዝ፣ ጥቂት ዛፍ፣ በቃ።"

"የት ያለ ኮረብታ ነው መምህር?"

"የት ያለ ትለኛለህ እንዴ? ኮረብታ ኮረብታ ነው!"

አንድ ሳምንት ሙሉ ክፍሉን ዘግቶ ሠራ። ሐሙስ ዕለት ገብቼ ሳይ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከቀይ አፈር ሁለት ኮረብታ አበጅቶ እርከን እርከኑን በጥፍሩ አውጥቶታል። የድንጋይ ሽበት አልብሶታል፤ የእንሰት ቅጠል ጫፍ እየቆረጠ ጣት የማይሞላ የእንሰት ማሳ ተክሏል፤ ግንዱን ከሥራሥር የሠራለት አንድ ትልቅ የብርብራ ዛፍ አቁሟል። ወንዙን ከተሰበረ የመስኮት መስታወት ቀጣጥሎ ሠርቶት እውነተኛ ውኃ ያለበት ይመስላል። በብርብራው አጠገብ የክብሪት ቀፎ የምታህል የሣር ቤት አለች።

"ይህች ቤት ምን ታደርጋለች? መጽሐፉ ውስጥ የለችም" አልኩት።

"ሰው አለበት" አለኝ።

ተውኳት። ለመድፍ መከለያ ትሆናለች ብዬ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከወናጎ ሦስት ዳመኞች መጡ፤ ጥግ ይዘው ወዲያው ጀመሩ። ሁለት አዛውንት ገበጣቸውን ተሸክመው መጡ። እርሳስ የሚፈልግ ወላጅ ግን አዳራሹን ሞላው። ከፊት ወንበር ላይ የከተማው ታላላቆች ተደረደሩ፤ የአውራጃው ፍርድ ቤት ዳኛ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ኮንጋ በሚባል አገር ሰፊ መሬት ያላቸው ቀኛዝማች ታፈሰ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው፣ የቡና ነጋዴው አቶ ዘርጋው ደግሞ ከእሳቸው ስድስት ወንበር ርቀው። ለምን እንደራቁ አልጠየቅኩም። ሁለቱ ሰዎች በመሬት ምክንያት ለዓመታት መካሰሳቸውን የዲላ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ የማውቀው የሚሲሲፒን ገባሮች ነው።

ተነሥቼ ንግግር አደረግኩ። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ የዳኛው ቆሎ ድምፅ ግን ትዝ ይለኛል። አንዱን ዐረፍተ ነገር ብቻ ልረሳው አልቻልኩም። ሕዝቡ ጠረጴዛውን እያየ ሲያደንቅ ልቤ አበጠና፣ "ይህን የመሬት አቀማመጥ ከፍ ያለ ጥናት አድርጌ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ!" አልኩ። በራሶ መዶሻውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። በዚያ በኩል እንዳላይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጭብጨባው ደመቀ።

አዝማቾቹን በዕጣ አወጣሁ። ዕጣ ደግሞ ቀልደኛ ናት፤ ቀዩ ጦር ለቀኛዝማች ታፈሰ፣ ሰማያዊው ለአቶ ዘርጋው ደረሰ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ሕዝቡ በጦር ጥበብ የተመሰጠ መስሎኝ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ጠብ በስንዝር ተነሣ። የመጽሐፉን ልክ ወደ ስንዝር መልሼው፣ "እግረኛ አንድ ስንዝር ይሄዳል" ብዬ ነበር። ቀኛዝማች አካፋ የሚያህል መዳፋቸውን ዘርግተው አንዱን ሻለቃ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ አሻገሩት። አቶ ዘርጋው አጭር ሰው ናቸው፤ ስንዝራቸው ከጓሮ በር አያስወጣም። "ይሄ ስንዝር ነው ወይስ ጋሻ መሬት?" ብለው ጮኹ። ማስመሪያ አምጥቼ አስታረቅኩ።

ሁለተኛው በቡናው ተነሣ። አቶ ዘርጋው ዕጣውን ከመጣላቸው በፊት አንዱን ፍሬ አንሥተው አሸተቱ፤ ከዚያ ጥርሳቸው ውስጥ ከተው ቀጭ አደረጉት።

"ይሄ አልደረቀም" አሉ እያላመጡ።

"እሱ እኮ ጥይት ነው አቶ ዘርጋው!"

"ምንም ይሁን። ያልደረቀ ቡና አልቀበልም።"

በአራት ጥይት መዋጋት ቀጠልን። ወዲያው የቀኛዝማች ፈረሰኞች ክፉ ዕጣ ወጣባቸውና ደንቡን አነበብኩ፤ "ፈረሰኞቹ ደንግጠው ይሸሻሉ" ይላል።

ቀኛዝማች ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ዱቅ አደረጉት። "ማነው የሸሸው?"

"ፈረሰኞችዎ፣ ቀኛዝማች። መጽሐፉ ነው ያለው።"

"የኔ ሰው አይሸሽም! መጽሐፉ ይሽሽ!"

ፈረሰኞቹን ራሳቸው መልሰው ሊያቆሙ ጎንበስ አሉ። ያን ጊዜ ነው መሬቱን መጀመሪያ በቅጡ ያዩት። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አሁንም ጎንበስ አሉ። ጺማቸው እንሰቱን ነካው።

"ይሄ ብርብራ የኔ ብርብራ ነው!" አሉ።

አቶ ዘርጋው ከማዶ አንገታቸውን አሰገጉ። "ያ ብርብራ ከወንዙ ወዲህ ነው። ከወንዙ ወዲህ ደግሞ የኔ ነው።"

"ወንዙ በዚህ አይሄድም! ከዚህ ጋ ነው የሚታጠፈው!" ብለው ቀኛዝማች በከዘራቸው ጫፍ መስታወቱን ወደ ኮረብታው ሥር ገፉት።

"ተው! እንዳይነካ! ድሮ የሚሄደው በዚሁ ነው! መምህሩ አጥንቶታል!"

አሁን አስቡት፤ ሁለት ሰዎች ዓይኔ ሥር እውነተኛ መሬት እየተከራከሩ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? የደንቡን መጽሐፍ ገለጥኩና በአስተማሪ ድምፅ፣ "ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ወንዝ ከቦታው አይነሣም!" ብዬ አወጅኩ።

"ሰማችሁ?" አሉ አቶ ዘርጋው ወደ ሕዝቡ ዞረው። "ወንዙ ከቦታው አይነሣም አለ! የተማረ ሰው ነው!"

ዳኛው ቆሎ መቆርጠም አቆሙ። ለካ የሁለቱን ክስ የያዙት እሳቸው ኖረዋል። "መምህር፣ ይህን ወንዝ ከየት አመጣኸው?" አሉኝ።

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ትበቃ ነበር። እኔ ግን ከሁለት መቶ ሰው ፊት የተጨበጨበልኝ ሰው ነኝ።

"ከጥናቴ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጦርነት የፈረንጁ መጽሐፍ አያውቀውም። ቀኛዝማች ኮረብታውን በከዘራ መቱት። የአቶ ዘርጋው የእህት ባል ሁለቱንም መድፍ ኪሱ ከተተ። አንድ ሰማያዊ ወታደር በአየር መጥቶ የዲሬክተሩ ግንባር ላይ ዐረፈ፤ ዲሬክተሩ "ሥርዓት! ሥርዓት!" እያለ ወንበር ላይ ወጣና ከነወንበሩ ወደቀ። እርሳስ ፈላጊው ሕዝብ እርሳሱ እየታደለ መስሎት ከኋላ ይገፋል። ከወናጎ የመጡት ዳመኞች ብቻ ቀና ብለው አላዩም፤ አንዱ እንዲያውም "ዝም በሉ እስቲ!" ሲል ሰምቼዋለሁ።

ዳኛው ፖሊስ አስጠርተው አዳራሹን አስለቀቁ። ጠረጴዛው ለማስረጃ ይፈለጋልና ማንም እንዳይነካው ብለው በሩን በሰም አሳሸጉ። አራቱ ጠረጴዛዎች የሰባተኛ ክፍል ነበሩ፤ ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዛፍ ሥር ተማሩ። ዲሬክተሩ ግንባሩ ላይ ያበጠውን እየዳሰሰ፣ "አንተን ቦረና በረሃ ካላስላክሁህ ከምላሴ ጸጉር!" አለኝ። እኔም በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮንጋ ድረስ ሄጄ ወንዙ ድሮ የሚሄድበትን ለፍርድ ቤቱ እንዳሳይ፣ በባለሙያነት መጠራቴን የሚገልጽ ወረቀት ደረሰኝ። ባለሙያ! ኮንጋ በየት በኩል እንደሆነ ፖስታ ቤት ጠይቄ ነው ያወቅኩት።

ዳሩ ግን እንደዚያ ጊዜ ተከብሬ አላውቅም። ሰኞ ማለዳ የቀኛዝማች ሰው ሙክት በግ ጎትቶ መጣ፤ "እንዲያው ለሰላምታ ነው" አለኝ። ከሰዓት በኋላ የአቶ ዘርጋው ሰው አንድ ጆንያ ቡና በሬ ላይ አወረደ፤ የእሱም ለሰላምታ ነው። ሁለቱንም መመለስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ወዲያው ብመልሳቸው ላኪዎቹ እንዳያዝኑብኝ ብዬ እስከ ማክሰኞ አሳደርኳቸው። ፍርዱን የሰጠው በጉ ነው፤ የጆንያውን አፍ በልቶ ቡናውን ግቢ ሙሉ በተነው። ማክሰኞ ቡናውን ለቅሜ፣ በጉን ስቤ፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ለባለቤቶቹ መለስኩ። ጎረቤቶቼ መምህሩ ንግድ ጀመረ አሉ።

በቀጠሮው ዋዜማ በራሶን እንጨት በመጋዝ ሲቆርጥ አገኘሁት።

"በራሶ፣ ያ ወንዝ... እንዲያው የምታውቀው ቦታ ነበር እንዴ?" አልኩት፣ ነገሩን ቀላል አስመስዬ።

መጋዙን አላቆመም። "ነገ አብሬዎት እሄዳለሁ" ብቻ አለኝ።

እስከ ይርጋ ጨፌ በጭነት መኪና ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ጫማዬን ወልውዬ ነበር፤ ቀይ ጭቃው በመቶ እርምጃ ውስጥ ተራ ጫማ አደረገው። በራሶ ከፊቴ በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ እኔ በየቁልቁለቱ ቡና ግንድ እያቀፍኩ እወርዳለሁ። በመንገድ ላይ ነገሩን ሁሉ አወጣው። ኮንጋ የአባቱ አገር ነው። ቤቱ ከወንዙ ወዲህ፣ ከብርብራው ሥር ነው፤ እናቱ እዚያው አለች። ከዓመታት በፊት ክረምት ላይ የቀኛዝማች ሰዎች አዲስ ቦይ አስቆፍረው ወንዙን አዞሩት። ወሰኑ ወንዙ ነውና፣ የእናቱ እንሰት ወደ ቀኛዝማች በኩል ተሻገረ። አቶ ዘርጋውም የሚከሱት ወንዙ ወደ ድሮው ሲመለስ ማሳው በእሳቸው በኩል ስለሚወድቅ ነው።

"የሁለቱም ክስ ወረቀት ተነቦልኛል" አለ በራሶ። "በአንዱም እናቴ የለችም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ጠየቁኝ እንዴ? ኮረብታ ሥራ አሉኝ። እኔ ሌላ ኮረብታ መች አውቃለሁ?"

ይህን ሲል ፊቱን አላየሁትም፤ ከፊት እየሄደ ስለነበረ። እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

ስንደርስ ዳኛው በበቅሎ ቀድመውናል። ጸሐፊያቸው ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ዘርግቷል፤ ቀኛዝማችና አቶ ዘርጋው ከነአጃቢዎቻቸው በሁለት ወገን ቆመዋል። ኮረብታው፣ ብርብራው፣ የሣር ቤቷ፣ ሁሉም በጠረጴዛው ላይ እንደነበረው ነው። አንዲት ባልቴት በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ለመድፍ መከለያ ያደረግኳት ቤት ጭስ ታወጣለች።

"እንግዲህ ባለሙያው፣ ምራን" አሉ ዳኛው።

በራሶ በዓይኑ ወደ ግራ አመለከተኝ። እኔ ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ በአናጢ ዓይን መመራት ነውር መሰለኝና ደረቴን ነፍቼ ወደ ቀኝ ሄድኩ። አራተኛው እርምጃ ላይ ሣሩ ከዳኝ። ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ለመውጣት ስታገል እስከ ወገቤ።

"አገኘው!" ብለው ጮኹ አቶ ዘርጋው። "የድሮው ወንዝ መሄጃ ይኸው! በእግሩ አገኘው!"

"ወደቀ እንጂ መቼ አገኘ!" አሉ ቀኛዝማች።

ጸሐፊው ቀና ብሎ፣ "ክቡር ዳኛ፣ ወደቀ ልበል ወይስ አረጋገጠ?" ሲል ጠየቀ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባልቴቷ ብቻ አልሳቀችም። አንድ ነገር ልትሰማ እንደምትጠብቅ ሰው አንገቷን ቀና አድርጋ ታየኛለች። እስከ ወገብ ጭቃ ውስጥ የቆመ ሰው ሌላ የሚወድቅበት የለውም፤ ምናልባት ያደፋፈረኝ እሱ ይሆናል።

"ክቡር ዳኛ" አልኩ፣ "እኔ ምንም አላጠናሁም። ይህን አገር ዛሬ ገና ማየቴ ነው። በአዳራሹ ዋሽቼ ነው። ያን ሜዳ የሠሩት አቶ በራሶ ናቸው።"

"ናቸው" ማለቴን ራሴም የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ዳኛው ፊታቸውን ወደ አናጢው አዞሩ። "አቶ በራሶ፣ እንግዲህ አንተ ተናገር።"

አቶ በራሶ ኮፍያቸውን አወለቁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ወንዙ በዚህ ነበር። አዲሱ ቦይ በዚያ ነው። ቦዩን አምስት ሰው ቆፈረ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ጭሰኛ ነንና ጉልበት ግቡ ተባልን፤ ገባን። የሠራሁትን ቦይ አልክድም። በሁለቱ መካከል ያለው እንሰት አባቴ የተከለው ነው። ያ ቤት የእናቴ ነው።"

ዳኛው ከጸሐፊው ላይ የሁለቱን ወገን የክስ ወረቀት ተቀብለው አገላበጡ። "ሁለታችሁም በመሐላ ያቀረባችሁት 'ሰው የማይኖርበት ጠፍ መሬት' ይላል" አሉ። ቀጥለውም ወደ ሣር ቤቷ፣ ወደ ጭሱ፣ ወደ ባልቴቷ አዩ። "ጠፍ የተባለው የትኛው ነው? አሳዩኝና ልጻፈው።"

ቀኛዝማች ከዘራቸውን መመርመር ጀመሩ። አቶ ዘርጋው በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁ ይመስል ብርብራውን ቀና ብለው አዩ። በሐሰት መማል ምን እንደሚያስከትል ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል። ለዓመታት ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሁለት ሰዎች፣ ያን ጊዜ እንደተማከረ ሰው በአንድ አፍ፣ "በሽማግሌ እንጨርሰዋለን" አሉ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በዛፉ ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ቀኛዝማች ከአሮጌው ወንዝ ወዲያ፣ አቶ ዘርጋው ከአዲሱ ቦይ ወዲያ ሆኑ። የባልቴቷን ማሳ ማንም አልጠራውም። የእኔ ነው ያለ፣ ሰው እንዳለበት ያውቅ ነበር ሊባል ነዋ! ፍርድ ሳይሰጥ፣ ምሕረትም ሳይደረግ፣ ሁለቱም ስላፈሩ ብቻ ማሳው ለባለቤቱ ቀረ።

ሁለቱ ጌቶች በዚያው በቅሎአቸውን አጠጋግተው እያወጉ ሄዱ። እኔን አንዳቸውም አልተሰናበቱኝም። በሳምንቱ የጽሑፍ ተግሣጽ ደረሰኝ፤ ዲሬክተሩ በሰልፍ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ሰባተኛ ክፍል ጠረጴዛው ተመለሰለት። የእርሳስ ወታደሮቹ አብዛኞቹ እንደጠፉ ቀሩ፤ ከወናጎ የመጡት ዳመኞች ደግሞ ጉባኤው በጣም ጥሩ እንደነበረ፣ ጫጫታው ብቻ እንደበዛ ለሰው ሁሉ አወሩ።

ያን ዕለት ግን፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አቶ በራሶ ክንዴን ይዘው ከጭቃው አወጡኝ። አንዱ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ቤቷ ደጃፍ ላይ ግንድ ላይ አስቀመጡኝ። ባልቴቷ በቅል ውኃ ይዛ መጣችና ከፊቴ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ልጇን በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። አቶ በራሶ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ጎን ዞሩ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"አገራችንን እኔ ሠራሁ ያለው ውሸታም ይሄ ነው ወይ ትላለች።"

"አዎን፣ እሱ ነው ይበሉልኝ።"

ነገሯት። ባልቴቷ ጎንበስ ብላ ቅሉን አዘነበለችና ሌላ ነገር አለች።

"አሁንስ?"

"እግርህን ዘርጋ ትላለች" አሉኝ።

ዘረጋሁ።